ግዝት ያልያዘው ምስክር

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ በርጩማ እግሩ ይወላገዳል፤ ወዲህ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ የማወጋችሁ ሰው ስለሞተበት ነገር ነው፤ ግን አትፍሩ፣ ልጆች ቢሰሙትም አይከፋም። እኔ ስመኘው በፍኖተ ሰላም ፖሊስ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። የቀለም ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርሁት መሪ ይዤ፣ ከጎኔ የሚቀመጡት ሲነጋገሩ እየሰማሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር ነው፤ የዳጉሳ መውቂያ ሰሞን። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ከቡሬ ወዲያ ወይራ ሚካኤል በምትባል መንደር፣ ገደል ሥር ሰው ሞቶ ተገኝቷል። ኢንስፔክተር ያምሮትን ይዤ ሄድሁ። ያምሮት ባሕር ዳር ከተማ ያደገች፣ ቀጠን ያለች፣ ስታስብ የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝክ ሴት ናት። ስለ እርሻ ብዙ አታውቅም፤ አለማወቋን ግን አትደብቅም። ይህን እወድላታለሁ።

ሟቹ ገነነ የሚባል ገበሬ ነው። ዕድሜው አምሳ ገደማ፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር። ያምሮት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

“ጋሼ ስመኘው፣ እስቲ ይምጡ። ምን ያያሉ?”

“ሬሳ።”

“እሱንማ እኔም አየሁ።”

አፈርሁና ጎንበስ አልሁ። “ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። ጉልበቱና ክርኑ ግን አልተጫረም።”

“ጋቢውስ?”

“ታጥፎ ከራሱ ሥር ገብቷል። እንደ ትራስ።”

“ዓይኖቹስ?”

ዓይኖቹ ተከድነው ነበር። የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶችም በክር ታስረዋል፤ ቤት ውስጥ፣ ዘመድ መሀል እንደሞተ ሰው። 

ያምሮት ክዳኗን ከአፏ አወጣች። “ከገደል የወደቀ ሰው ጋቢውን አጥፎ አይንተራስም። ታዲያ ገድሎ ዓይን የሚከድን፣ ጣት የሚያስር ማን ነው?”

ጸጉሩ ውስጥ የዳጉሳ እብቅ ተሰግስጎ ነበር። በዋዜማው፣ ሰኞ፣ መንደሩ በደቦ ዳጉሳ ሲወቃ እንደዋለ ነገሩን። “ሥራችንን ጨርሰን፣ ተመራርቀን፣ በሰላም ተበተንን” አሉ።

*

ረቡዕ ዕለት የቡሬዎቹ ባልደረቦቻችን አንድ ሰው ያዙ። እንዳለው ይባላል፤ ማሳው ከሟቹ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ሦስት ዓመት በድንበር ተጣልተው ኖረዋል። ያስያዘው ግን ጠቡ ብቻ አይደለም፤ አንድ ኮምፒውተር ነው።

መንደሩ ውስጥ ዮርዳኖስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበረች። ከአውድማው ዳር በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ካሜራ ሰቅላ ሦስት ወር ሆኗታል። ሥራዋ ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲታይ፣ ያ ጉባኤ ያጭዳል፣ ያለቅሳል፣ ያሸበሽባል ወይስ ይጣላል? ይህን ከአቋማቸው ብቻ ለይቶ እንዲናገር ታስተምረዋለች። የዚያን ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ “ጠብ” ብሎ ጽፎ ተገኘ። ከሚጣሉት የአንዱ ግራ እጅ ከክርኑ አይዘረጋም። በመንደሩ እንዲህ ያለ እጅ ያለው እንዳለው ብቻ ነው።

ፍርድ ቤቱ አሥር ቀን ሰጠን። የሚመጣው ሳምንት አርብ ሌላ ነገር ካልተገኘ መዝገቡ በግድያ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

ቡሬ ጣቢያ፣ እስር ቤቱ ውስጥ ያምሮት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ረጅም፣ አጥንታም ሰው ነው። ግራ እጁ ጎብጣ ሆዱ ላይ ታርፋለች።

“አያ እንዳለው፣ ያቺ እጅ ምን ሆና ነው?”

“በጠብ ተሰበረች። ወጌሻው አጣሞ አሰራት።”

“ማን ሰበራት?”

“ያለፈ ነው።”

“ገነነን ገድለውታል?”

“አልገደልሁም።”

“ሰኞ ማታ፣ ከሥራ በኋላ የት ነበሩ?”

“ሥራችንን ጨርሰን፣ ተመራርቀን፣ በሰላም ተበተንን።”

“ከዚያስ?”

ጎባጣዋን እጁን በቀኙ ሸፈናት።

“አያ እንዳለው፣ አርብ መዝገቡ ከሄደ ዕድሜዎን ሙሉ እዚህ ነው የሚቀሩት። ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ፣ እመቤቴ።” ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም። በጥርሱ የሆነ ነገር የያዘ ሰው ዓይን ነበር።

*

ስንወጣ በሩ ላይ መልካሙን አገኘነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፍኖተ ሰላም ወፍጮ ቤት አለው። ወፍራም ዱላ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ዱቄት አለ።

“እናንተ ካልቀጣችሁት ለእኔ ስጡኝ” አለ።

“ስጡኝ ተብሎ የሚሰጥ ሰው የለም፣ አቶ መልካሙ።”

“እሱ ይሁን ሌላ፣ የወንድሜ ደም ሜዳ ላይ አይቀርም። የነካውን እጅ አገኘዋለሁ። ያን የእንዳለውን እጅ ደግሞ አውቀዋለሁ!”

ያምሮት መኪና ውስጥ ገብታ ክዳኗን አኘከች። “የወንድሙ መሬት ለማን ይደርሳል?”

“ልጅ የለውም። ለመልካሙ ነዋ።”

“እንግዲያው ሰኞ የት እንደዋለ እንጠይቅ።”

ጠየቅን። ወፍጮ ቤቱ ከጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የተሰለፉ አሥር ሴቶች አየነው አሉ። አንዷማ “የኔን በቆሎ ሻካራ አድርጎ ፈጭቶ ሲሰድበኝ ነበር የዋለው፤ እንዴት እረሳዋለሁ?” አለችን። መልካሙ አይደለም። ከእኛም ሁለት ቀን ሄደ።

አንድ ቀን ሲቀረን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የእንዳለው ሚስት ሀብትነሽ ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። ሰኞ ዕለት ፈረስ ቤት ከተማ እህቷ ወልዳ እዚያ ነበረች። የመጣችው ባሏ ከታሰረ በኋላ ነው።

“የኔ እህት፣ ባሌ ለምን ዝም ይላል?” አለቻት ያምሮትን። “ሲቆጣ እንኳ ለበሬው ሁሉ የሚናገር ሰው ነው!”

“እርስዎንስ ምን አለዎት?”

“‘አትጠይቂኝ፣ ልጆቹን ጠብቂ።’ ይኸው ነው። የሰውም ነገር ግራ ገባኝ። የመጣሁ ዕለት አገሩ ግልብጥ ብሎ ማሳዬ ገባ። አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶ ጎተራዬ ድረስ አስገባልኝ። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ሴቶቹ እግሬን ካላጠብን ብለው አስጨነቁኝ።”

ያምሮት ቀስ ብላ ዞረች። “ለነፍሰ ገዳይ ቤት?”

“እኔም እሱን ነው የምለው! ነፍሰ ገዳይ ነው ካሉ ለምን ያጭዱልኛል? አይደለም ካሉ ለምን አይናገሩልኝም?”

እኔ በዚያ ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ በእጄ እያገላበጥሁ ነበር። ወዲያው መኪናውን አስነሥቼ ወደ ዮርዳኖስ ቤት ነዳሁ።

*

ዮርዳኖስ ቡሬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። የደከመ ፊት ያላት ልጅ ናት። ኮምፒውተሩ የጻፈውን ለፖሊስ ከሰጠች ጀምሮ እንቅልፍ አላገኘችም።

ኮምፒውተሩን ከፈተችልን። ሰው አልነበረበትም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ነጥቦች፣ ነጥቦቹን የሚያያይዙ ቀጫጭን መስመሮች። ራስ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። አሥራ አራት የአጥንት ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ።

“ፊታቸውስ?” አለች ያምሮት።

“የለም። ካሜራውን ስንሰቅል ቄስ ገብረ ኢየሱስ ‘ፊታችን በማናውቀው ቤት እንዳይቀመጥ’ ብለው አስማሉኝ። ማታ ማታ ምስሉ ይጠፋል፤ አጥንቱ ብቻ ይቀራል።”

“ታዲያ በአጥንት ብቻ ምን ይታወቃል፣ ልጄ?” አልኋት።

ፈገግ አለች፤ ሥራዋን ስትናገር ነው ነፍስ የምትዘራው። “አባቴ፣ እጁን ያነሣ አንድ ሰው ብቻውን ቢያዩት ይምታ፣ ይጸልይ፣ ይጥራ አይለዩም። ጎኑ ያሉትን ሲያዩ ነው የሚለዩት። ሌሎቹ ከሸሹ ይማታል። ሌሎቹም ካነሡ ይጸልያል። ማሽኑን የማስተምረው ይኸን ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ እንዲያይ።”

ከዚያ የዘጠኝ ሰዓቱን አሳየችን። ሁለት ረድፍ የአጥንት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሣሉ፣ ወገባቸውን ሰብረው ያወርዳሉ። አንዱ ረድፍ ሲያነሣ ሌላው ያወርዳል። መሀል ላይ ግራ እጁ የማይዘረጋው አለ። ፊት ለፊቱ አንድ ሰፊ ትከሻ። ከሥሩ “ጠብ” ተብሎ ተጽፏል።

ሳቄ መጣ። በሰው ነፍስ ጉዳይ መሳቅ ነውር ነው፤ ግን መጣ።

“ጋሼ ስመኘው?”

“ኢንስፔክተር፣ ይህ እኮ ዳጉሳ መውቃት ነው! ጤፍ በበሬ እየተረገጠ ይወቃል፤ ዳጉሳ በዱላ ነው የሚወቃ። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ፊት ለፊት፣ በተራ። እጅ ለእጅ ካልተግባባ ሰው ጋር አይወቃም። የተጣሉ ሰዎች እንዲህ ምታቸው አይገጥምም!”

ዮርዳኖስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ያስተማርነው በበሬ የሚወቃውን ብቻ ነው… ዱላ ደግሞ አጥንት የለውም። ማሽኑ አያየውም። ወይኔ፣ ያንን ሰው እኔ ነኝ ያሳሰርሁት!”

“ረጋ በይ” አለቻት ያምሮት። “ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ ምን ይላል?”

“ከውቂያው ሌላም ስህተት አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ‘ለቅሶ’ ይላል። ሊጠፋ ያዘጋጀሁት ነው። በደቦ ቀን ምን ለቅሶ…”

“ሬሳው የተገኘው በማግስቱ ነው” አለች ያምሮት፣ ለራሷ ይመስል። “አሳዪኝ።”

ያን ጊዜ መብራት ሄደ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ዮርዳኖስ አንድ የጎረቤት ጄኔሬተር አስነሥታ ሞልታ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ድረስ ልታመጣው ተስማማን።

*

እስከዚያ መንደሩ ገብተን ጠየቅን። አምስት ቤት ገባን።

“ሥራችንን ጨርሰን፣ ተመራርቀን፣ በሰላም ተበተንን።”

“ሥራችንን ጨርሰን፣ ተመራርቀን፣ በሰላም ተበተንን።”

አምስቱም አንድ ቃል ሳይጨምሩ፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ። እንደ ጸሎት። አንዷ ሴትዮ ይህን ተናግራ ስትጨርስ እንባዋ ወረደ፤ “ጭሱ ነው” አለች። እሳት አልነደደም።

ወንዙ ዳር ዲያቆን ቂርቆስን አገኘነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቄስ ገብረ ኢየሱስ የሞተች እህታቸው ልጅ። እንደ እሱ ያለ ጎረምሳ በእኛ አገር ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት ነው የሚሄድ። የእሱ እጆች ባዶ ነበሩ። የት እንደሚያኖራቸው ጠፍቶት አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከጋቢው ሥር ያደርጋቸዋል።

“ዱላህስ፣ ዲያቆን?” አልሁት።

“ተውሁት፣ አባባ።”

“ዱላ ይተዋል እንዴ?”

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ ያንኑ ቃል ጀመረ፤ “ሥራችንን ጨርሰን…” ሊጨርሰው አልቻለም፤ ትቶን ሄደ።

ያምሮት ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ ስመኘው፣ አገር ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚይዘው መቼ ነው?”

“ሲማማል ነው” አልሁ። “ወይም ሲገዘት።”

ግዝት ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቄስ መስቀሉን አንሥቶ “ይህን ነገር ብትናገሩ ገዝቻችኋለሁ” ካለ፣ ነገሩ ታሰረ ማለት ነው። ያ ቄስ ራሱ ካልፈታው በቀር ሰው ልጁን ያስቀብራል እንጂ አይናገርም።

“እንግዲያው” አለች፣ “ማንንም አልጠይቅም።”

*

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ያምሮት መስቀል ተሳልማ ኮምፒውተሩን ከድንጋዩ ላይ አኖረችው። ዮርዳኖስ ከኋላዋ ቆመች።

“አባ፣ የምጠይቅዎት የለኝም። ምንም አይመልሱልኝ። ማየት ብቻ ነው። የምናገረው እኔ ነኝ።”

አሮጌው ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱ።

“እነዚህ እናንተ ናችሁ። ይህ እጁ የማይዘረጋው እንዳለው ነው፤ ፊት ለፊቱ ገነነ። አጣምሮ ያቆማቸው የደቦው አለቃ ነው፤ የተጣሉ ሰዎች እንዲግባቡ ብሎ ይሆናል። ከገነነ ጎን ያለውን ወጣት ይዩት። ሁሉም በተራ ይመታል። አሁን… ገነነ ጎንበስ አለ። የተበተነ ዛላ ሊያነሣ ይሆናል፤ ከተራው ወጣ። የወጣቱ እጅ እየወረደ ነበር። ሊመልሰው ሲል ትከሻው እንዴት እንደተጠማዘዘ ያያሉ? አልመለሰለትም።”

ሰፊ ትከሻ ያለው አጥንት ወደቀ። ሌሎቹ ቆሙ። ወጣቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ የያዘውን ጣለ፤ የጣለው ነገር አይታይም። ጥቂት ቆይቶ፣ የቆሙት ሁሉ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። በእኛ አገር እንዲህ የሚደረገው ሰው ሲሞት ነው። ኮምፒውተሩ ከሥሩ “ለቅሶ” ይላል።

“ስህተት አልነበረም” አለች ዮርዳኖስ በሹክሹክታ። “ልክ ነበር።”

“እዚህ ላይ” አለች ያምሮት፣ “አንድ ሰው ቀኝ እጁን ያነሣል። ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ተራ በተራ ቀርበው ግንባራቸውን ያስነካሉ። በእጁ የያዘውን ማሽኑ አያየውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።”

ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው የሰሌዳውን ጫፍ ነኩ።

“ፊታችሁ ይጥፋ ያልሁ እኔ ነኝ” አሉ። “አጥንት ይናገራል ብዬ አላሰብሁም።” ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩና፤ “ልጄ፣ ጎረምሳ ሳለሁ በአንድ ደም ሰባት ሰው ቀብሬያለሁ። በአንድ! መልካሙን አውቀዋለሁ፤ ሳያጣራ ይመታል። ቂርቆስን በማግስቱ እቀብረው ነበር። እስከ አርባው፣ ልቡ እስኪበርድ ብዬ ገዘትሁ። እኔም አብሬ ተገዘትሁ። ከገደል ወደቀ እንዲባል ወሰድነው። ግን እንደ እንጨት ወርውሮ መምጣት ማን ይችላል?”

“ዓይኑን ማን ከደነው?”

“ሁላችንም።”

“እንዳለው ሲታሰርስ? ነገ አርብ መዝገቡ በግድያ ሊሄድ ነው።”

“ከግዝቱ ልፈታው ሄጄ ነበር። በፍርግርጉ መሀል ‘ከፈቱኝ እናገራለሁ፣ ከተናገርሁ ልጁ ይሞታል፤ አርባውን ልቆይ’ አለኝ። እኔም… እሺ አልሁት። አርብ ያልሽውን አላወቅሁም። ባውቅስ? እንጃ። የእህቴ ልጅ ነው።”

ያምሮት አልተቆጣችም። “አባ፣ ቂርቆስን እኔ ከወሰድሁት መልካሙ አይደርስበትም። ሕግ በድንገት የሆነን ነገር በድንገተኛነቱ ያየዋል። ሬሳ መሸሸጋችሁም ይጠየቃል፤ አልዋሽዎትም። ሕግ ግን የደም ቂም አይደለም።”

ቄሱ ተነሡ። ደወሉን ያለ ሰዓቱ ራሳቸው ደወሉት። ሰው ከየማሳው፣ ከየደጁ መጣ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ተሰበሰበ፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። መስቀሉን አነሡ።

“ያሰርሁት እኔ ነኝ። ፈትቻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ።”

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አሥር ቀን ታፍኖ የነበረ የገነነ ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ቂርቆስ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ባዶ እጆቹን ለያምሮት ዘረጋላት።

*

አርብ ጠዋት መልካሙ ቡሬ ጣቢያ መጣ። ያምሮት በመጀመሪያ ዱላውን ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠየቀችው፤ ከብዙ ንትርክ በኋላ ሰጠኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው፣ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ። ሊነሣ ሲል፤

“አንድ ነገር ብቻ ይዩ” አለችው። “ይህ ወድቆ ያለው ወንድምዎ ነው።”

አጥንቶቹ ከበው ቆመዋል። አንዱ ግን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የወደቀው ሰው ራስ ጭኑ ላይ ነው። ሁሉም መስቀል ሲሳለም እሱ አልተነሣም። እዚያው እንደተቀመጠ ነው አንገቱን የደፋ።

“ይህ ራሱን የያዘለት ማነው?” አለ መልካሙ።

“እጁን ይዩት።”

አየ። ቀኝ እጁ የሟቹን ግንባር ይዛለች። ግራ እጁ ከአንገቱ ሥር ገብታ ደግፋዋለች፤ ከክርኗ ጎብጣ፣ ሳትዘረጋ።

መልካሙ ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲያንስ አየሁት። “ያቺን እጅ እኔ ነኝ የሰበርኋት” አለ። “ከሦስት ዓመት በፊት። በዚህ ዱላ።” ወደ እኔ ተመለከተ፤ ዱላው በእጄ ከብዶኝ ነበር።

እንዳለው ሲወጣ ሀብትነሽ በሩ ላይ ነበረች። ከእሷ በፊት ግን መልካሙ ፊት ለፊቱ ቆመ።

“መጨረሻ ላይ ምን አለ?”

“ውሃ ጠየቀ። ሰጠሁት። ከዚያ የአንተን ስም ጠራ” አለ እንዳለው። “ሁለት ጊዜ።”

መልካሙ ጎንበስ ብሎ ያቺን የጎበጠች እጅ ያዘ። አልለቀቃትም።

የፍርዱን ነገር ለዳኞቹ ትቼዋለሁ። ዱላውን መልሼ ልሰጠው ስል “እርስዎ ዘንድ ይቆይ” አለኝ፤ ይኸው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ዮርዳኖስ በማግስቱ ደውላ ካሜራዋን ዳጉሳ ወደሚወቃባት ሌላ መንደር ልትወስድ እንደሆነ ነገረችኝ፤ “አባቴ፣ እንዳልሳሳት አብረውኝ ይምጡ” አለች። ሄድሁ። ማሽኑ አሁን ዳጉሳ ያውቃል።

እናንተም እንግዲህ ሂዱ፣ ደከማችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እጁን ያነሣ ሰው ከሩቅ ስታዩ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጎኑ ያሉትን እዩ። ያን ጊዜ ያቺን የማትዘረጋ እጅ አስቧት።